በሩ አጠገብ ያለው ወንበር

ጥቅምት 9 ቀን

ለልጄ ባል፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ልበል። የልጄን ደብዳቤ ስጠብቅ ያንተ ሲደርሰኝ፣ ፖስታውን ሳልከፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ብዙ ተቀመጥሁ። በዚህ ዕድሜዬ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ የሚመጣ ፖስታ ደግ ወሬ ይዞልኝ አያውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት የፋብሪካውን እሳት ያረዳኝም እንዲህ ያለ ፖስታ ነበር። ስከፍተው ግን ሁላችሁም ደኅና መሆናችሁን ጽፈሃል። እንግዲህ አሁን ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለልጄ፣ ሰላም ለልጅ ልጄ ለፍንጭት። የፊት ጥርሶቿ እስኪበቅሉ ድረስ በዚሁ ስም እጠራታለሁና እንዳትቀየመኝ ንገራት።

«ተቀይመውኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አልተቀየምሁህም። ልጄን ሥራ አስተውተህ ከልብስ ስፌት ቤቱ ያስወጣሃት በሩ አንድ ብቻ ስለሆነና ካውያው ደግሞ አጠገቡ ስለሚጋል ነው ካልህ፣ ስለ በርና ስለ እሳት ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሱቅህን ጥለህ ሮጠህ፣ የተቆለፈውን የፋብሪካ በር ከፍተህ ሰላሳ አንድ ሴቶች ያወጣህ አንተ ነህ። ሃያ ዘጠነኛዋ የኔ ልጅ ናት። ታላቅ እኅቷ አልወጣችም። በቀብሩ ዕለት በፋሻ የተጠቀለለ እጅህን ይዤ፣ «አንዷን ወስዶብኛል፤ ይቺን ከዓይንህ አታርቃት» ያልሁህ እኔ ነኝ። ያልሁትን አልረሳሁም። አዝዤህ ስትፈጽም ልቀየምህ አልችልም።

ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬአለሁና ሳልጠይቅ ደብዳቤ መጨረስ አልችልበትም። ልጄ ለምን ራስዋ አልጻፈችም? ፍንጭት ንባብ የት ደረሰች? ቁራጩስ የታለ?

ስለ ቁራጩ ምናልባት ልብ አላልህ ይሆናል። ልጄ መርፌ መያዝ ከጀመረች ወዲህ በምትጽፍልኝ ደብዳቤ ሁሉ፣ በዚያ ሰሞን ከምትሰፋው ጨርቅ ጣት የምታክል ቁራጭ ትጨምርበታለች። እኔም ቀኑን ጽፌ ደብተር ላይ እለጥፈዋለሁ። አሁን አራተኛው ደብተር ላይ ነኝ። በዚያ ወር ምን ይዛ እንደነበር፣ እጇ ፈጥኖ ይሁን ደክሞ፣ ከጨርቁ አነባለሁ። ሥራ ብትተውም እቤት የሚሰፋ አይጠፋምና ከዚያው ቆርጣ ትላክልኝ።

ሌላው፣ ወረቀቱን በሁለት በኩል አትጻፍበት። ቀለሙ ያልፋል።

አማትህ


ጥቅምት 25 ቀን

ለእማማ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ሻል አለው? እኛ ደኅና ነን። እንዳሉኝ በአንድ በኩል ብቻ ስጽፍ ወረቀቱ እጥፍ ፈጀብኝ፤ ግን እውነትዎን ነው፣ ይነበባል።

ልጅዎ ያልጻፈችው ቀኝ አንጓዋን ስላመማት ነው። ወለምታ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። በሩ ላይ የገጠምኩት አዲሱ መቀርቀሪያ ለሴት እጅ ይከብዳል፤ እኔ እያለሁ እርስዋ መንካት አልነበረባትም። አሽቼ አስሬላታለሁ።

መቀርቀሪያው ለምን አስፈለገ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሳይጠይቁኝ ልመልስ። ሱቄን ዘግቼ ሥራዬን ወደ ቤት አምጥቻለሁ። ብረት የምይዝበትን ሞርሳ የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ ተክዬ፣ ወንበሬን በሩ አጠገብ አድርጌ፣ እዚያው ቁልፍ ስሞርድ እውላለሁ። ደንበኞቼ በመስኮት ሰጥተውኝ በመስኮት ይቀበላሉ። ይስቁብኛል። አንዱ «ቁልፍ ሠሪው ራሱን ቆለፈ» ብሎ ለሰፈሩ አወራ። ይሳቁ። እኔ የማውቀውን አያውቁም።

እማማ፣ የዚያን ቀን ሰው የገደለው እሳቱ አይደለም። ቁልፍ የያዘው ዘበኛ ምሳ ሊበላ ሄዶ ነበር። እሳት ነው የሚባለው ውሸት ነው፤ ምሳ ነው። ቁልፍ የያዘ ሰው ከበሩ ካልራቀ ግን የተቆለፈ በር ማንንም አይገድልም። እንዲያውም ክፉውን ከውጭ ያስቀራል። በሦስት ዓመት ያሰብኩት ተጠቃሎ ይኸው ነው። እኔ ከበሩ አልርቅም።

የበሩን ማንኳኪያ ነቅዬ ደወል አድርጌበታለሁ። መንኳኳት መስማት አልችልም፤ ምክንያቱን ያውቁታል።

እነዚያ ያወጣኋቸው ሴቶች ዘንድሮም እሳቱ በሚታሰብበት ዕለት አበባ ይዘው መጥተው ነበር። እንደ ወጡበት ቅደም ተከተል ተሰልፈው ይቆሙልኛል፤ ጨዋታ አድርገውታል። ሰላሳ አንደኛዋ፣ ያቺ ከታላቋ ልጅዎ ጎን ትሰፋ የነበረችው፣ የምታነክሰው፣ ሁልጊዜ መጨረሻ እየቆመች «ኬኩ እኔ ጋ ሳይደርስ ያልቃል፤ ምናለ ቀደም አድርገህ ብታወጣኝ» ትለኛለች። ልጅዎ ዘንድሮ ሃያ ዘጠነኛ ቦታዋ ላይ አልቆመችም። እኔ ነኝ ከደረጃው አትውረጂ ያልኳት፤ ብርድ ነበር።

ፍንጭት ንባቧ ፈጥኗል፤ ትምህርት ቤት እኔው ወስጄ እኔው አመጣታለሁ። ቁራጩን ልጅዎ ራስዋ መርጣ ቆርጣለች። በግራ እጇ ስለሆነ ጠርዙ ጎርበጥ ብሏል።

በርዎ ላይ ስንት ቁልፍ አለ? አንድ ጥሩ ጓጉንቸር ልሠራልዎ እችላለሁ።

አማችዎ


ኅዳር 12 ቀን

ለልጄ ባል፣

በሬ ላይ አንድ ቁልፍ አለ፤ እሱንም ግማሽ ጊዜ እረሳዋለሁ። ጓጉንቸሩን አትላክልኝ። ስላሰብህልኝ ግን አመሰግናለሁ።

ቁራጩ ደርሶኛል። ቢጫ ሆኖ ነጫጭ አበባ ያለበት ነው። ለመለጠፍ ማጣበቂያውን ካቀረብሁ በኋላ ተውሁት። ይህን ጨርቅ የገዛሁት እኔ ነኝ። ፍንጭት ስትወለድ ለወጥ ቤት መስኮታችሁ መጋረጃ እንዲሆን የላክሁላችሁ ነው። ከመሐሉ ነው የተቆረጠው፤ ጠርዝ የለውም። መጋረጃ ከመሐሉ የሚቆረጠው ወይ ሲያረጅ ነው፣ ወይ የሚሸፍነው መስኮት ሲጠፋ ነው። ይህ ጨርቅ አላረጀም።

ምናልባት የማይረባ ነገር ይሆናል። ብቻዬን የምኖር አሮጊት ነኝ፤ ከትንሽ ነገር ትልቅ ፍርሃት እሠራለሁ። እሳቱ ከደረሰ ወዲህ ምድጃዬን አጥፍቼ ገበያ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ተመልሼ ተመልሼ ገበያው ተበተነ። ስለዚህ በፍርሃትህ አልስቅብህም። የምስቅበት ፊት የለኝም።

ስለ ዘበኛው የጻፍኸውን ደጋግሜ አነበብሁት። አንዲት ቃል የማርምበት አጣሁ። አሳማኝ ነው፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ልጅ ሆኜ ያስተማሩኝ መምህር፣ መልሱ እጅግ ሲያምር ጥያቄውን መልሳችሁ አንብቡ ይሉን ነበር። ጥያቄው ምን እንደነበር ልጠይቅህ። ልጄ ከቤት ትወጣለች ወይ? አስቤዛ የሚገዛው ማን ነው? ካንተ ሌላ ከማን ጋር ታወራለች?

ስለ መስኮቱም መልስልኝ። አንጓዋ ሲሻላት አንድ መስመር ብቻ በእጇ ትጻፍልኝ፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅም።

አማትህ


ኅዳር 29 ቀን

ለእማማ፣

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

መስኮቱ አልጠፋም፤ ቆርቆሮ መታሁበት። ከበስተጀርባችን እንጨት መሸጫ አለ፤ እሳት ከዚያ ቢነሣ መጀመሪያ የሚገባው በወጥ ቤቱ መስኮት ነው። ብርሃኑ ስለቀነሰ አምፖል ጨምሬአለሁ። አስቤዛ እኔ እገዛለሁ። ልጅዎ ከኔ ጋር ታወራለች፣ ከልጃችን ጋር ታወራለች። ከዚህ በላይ የት ትድረስ?

ትወጣለች ወይ ላሉኝ፣ ትወጣ ነበር። ባለፈው ወር ብረት ልገዛ ሄጄ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። አራት ሰዓት ፈለግኳቸው። ሆስፒታል ሄጄ የገቡትን ሰዎች ስም አስነበብኩ። የተቃጠለው ፋብሪካ ፍርስራሽ ድረስ ሄጃለሁ፤ ለምን እዚያ እንደሄድኩ አይጠይቁኝ። በመጨረሻ ስመለስ እቤት ተቀምጣ የልጅቷን ጸጉር ታበጥራለች። ክር ልትገዛ ወጥታ፣ ሰላሳ አንደኛዋን መንገድ ላይ አግኝታ፣ ሻይ ጠጥተው ነው። ሻይ፣ እማማ። እኔ አራት ሰዓት ሙሉ ሞቼ ነበር፤ እርስዋ ሻይ ትጠጣ ነበር።

አልተቆጣሁም። ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግኩም፤ ይጠይቋት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ስወጣም ቆልፌ ነው የምወጣው። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቆይም።

ሁለት ጊዜ የቀደድኩት ባለፈው የጻፍኩልዎ ትዝ ብሎኝ ነው። ቁልፍ የያዘ ሰው ከበሩ አይርቅም ብዬ ነበር። ግን ዘበኛው ምሳ ሲሄድ ስለ ውስጦቹ አያስብም ነበር። እኔ ዳቦ ቤት ቆሜ እንኳ ስለነርሱ ነው የማስበው። ልዩነቱ እሱ ነው።

ፍንጭት ደኅና ናት፤ አንዱ ጥርሷ ብቅ ብሏል። የልጅዎ አንጓ ገና ነው። ቁራጭ ልኬልዎታለሁ። ሰማያዊ ነው፤ አንድ ያረጀ ነገር ስትፈታ ነበር፣ ከዚያ ሰጠችኝ።

አማችዎ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለልጄ ባል፣

ሰማያዊው ቁራጭ ያረጀ ነገር አይደለም። አራተኛው ደብተሬ ላይ መስከረም መጀመሪያ የለጠፍሁት ወንድሙ አለ። ከሥሩ «የፍንጭት ዩኒፎርም፣ ሁለተኛ ክፍል» የሚል በእጄ ተጽፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ በመስኮት ብርሃን አየኋቸው፤ አንድ ጣቃ ናቸው። አሁን የላክኸው ላይ የኪሱ ስፌት የተፈታበት ቀዳዳ እንኳ በተርታ ይታያል። በመስከረም የተሰፋ ዩኒፎርም በኅዳር የሚፈታው ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ ስታቆም ነው።

አንተ ይህን አልነገርኸኝም። ልጄ ግን ነገረችኝ። መጋረጃውንም የነገረችኝ እርስዋ ናት። አንተው በገዛ እጅህ ፖስታ ውስጥ እየከተትህ ላክህልኝ።

ልጅቷን ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ትመልሳታለህ። ስትወጣ በሩን አትቆልፍም። ቆርቆሮውን ትነቅላለህ።

ከላይ ያለውን ጽፌ ጥቂት ዐረፍሁና መልሼ አነበብሁት። ለተማሪ እንደምጽፍ ነው የጻፍሁት። ትእዛዝ ከሩቅ እንደማይፈጸም አውቃለሁ። ስለዚህ ልለምንህ። ልጄንና ፍንጭትን ለጥቂት ሳምንት ወደኔ ላካቸው። ታምሜአለሁ። ከአልጋ መነሣት አቅቶኛል፤ ውኃ የሚያቀብለኝ የለም። አንዲት ልጅ ነች የቀረችኝ፤ ሳላያት እንዳልሄድ።

አማትህ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ለእማማ፣

ምሕረቱን ያውርድልዎ። ሐኪሙ ምን አለ? እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የእጅ ሥራ ግን ለይቼ አውቃለሁ። «ታምሜአለሁ» የሚለው ላይ እጅዎ አልተንቀጠቀጠም። ፊደሎቹ እንደ ወትሮው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሰው ጨርቅ ይዞ መስኮት ድረስ አይሄድም።

አልተቆጣሁም። ስለ ደብተሩ በመጀመሪያ ደብዳቤዎ ጽፈውልኝ ነበር፤ የእናትና የልጅ ጨዋታ መስሎኝ አለፍኩት። ልጅዎን ጠየቅኳት። አልካደችም። መቀሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌዋለሁ፤ ልጅ ባለበት ቤት መቀስ ሜዳ ላይ አይተውም። ከእንግዲህ ቁራጭ አይመጣም።

ሰላሳ አንደኛዋ ባለፈው ሳምንት መጥታ ደወለች። በበሩ በኩል ተኝተዋል አልኳት። «በቀትር?» አለችኝ። ስድስት ጊዜ ደወለች፤ ቆጥሬዋለሁ። ከሄደች በኋላ ደወሉን ነቀልኩት። ልጅዎ ይህን ሁሉ ስትሰማ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሰሞኑን እንዲህ ናት፤ ጥሩ ሰላም ነው ቤታችን።

ወደ እርስዎ ልልካቸው አልችልም። መንገድ ላይ ምን እንደሚያጋጥም አላውቅም፤ የማላውቀው መንገድ ላይ አልሰዳቸውም። እርስዎ ግን ቢመጡ ደስ ይለኛል። ክፍል አዘጋጅቼልዎታለሁ። አልጋው ለጉልበትዎ ብዬ ዝቅ ያለ ነው። መስኮት የለውም፣ ስለዚህ ብርድ አያገኝዎትም። የበሩ ቁልፍ የእጄ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ ያለ ሠርቼ አውቃለሁ። ብቻዎን መሆንዎ፣ በዚያ በአንድ ቁልፍ፣ እሱንም በሚረሱት፣ እንቅልፍ ይነሣኛል። ሁላችሁም በአንድ ጣራ ሥር ከሆናችሁ አርፋለሁ።

ይምጡ፣ እማማ። «ከዓይንህ አታርቃት» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎም ከዓይኔ አይራቁ።

አማችዎ


ጥር 2 ቀን

ለልጄ ባል፣

ልክ ነህ፤ አልታመምሁም። በሰባ ሁለት ዓመቴ ሆነ ብዬ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ነበርና ባለመልመዴ ታወቀብኝ። ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ስለ ክፍሉ አመሰግናለሁ። እመጣለሁ።

ጥር 16 ቀን፣ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት በራችሁ ላይ ጠብቀኝ። ደወሉን ስለነቀልኸው በእጅ ማንኳኳት ሊኖር ነው። እንደምትጠላው አውቃለሁ፤ ሌላ መንገድ የለምና ታገሥ። በዚያ ጠዋት ብረት ልግዛ፣ ዳቦ ልግዛ ብለህ እንዳትወጣ። ቁልፉ ካንተ፣ አንተም ከበሩ እንዳትለዩ። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው።

ልጄንና ፍንጭትን ሳምልኝ። ጫማቸውን አድርገው ይጠብቁ።

አማትህ


ጥር 20 ቀን

ለእማማ፣

ሁለተኛው ውሸትዎ ከመጀመሪያው ይሻላል። ተለማምደዋል።

አንሶላዎን ቀይሬ፣ የሚጠጡት ውኃ ቀድቼ፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ እጅ ነበር የምጠብቀው። የአሮጊት እጅ፣ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ።

የመጣው አንድ እጅ አልነበረም። በመዳፍ ነበር፣ ሁሉም ባንድ ላይ፣ ምንም ሳይናገሩ። በሩ እስከ ማጠፊያው ተንቀጠቀጠ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን እነርሱ ከውስጥ ሆነው ይመቱ ነበር፤ እኔ ከውጭ ሆኜ እሰማ ነበር። አሁን እነርሱ ከውጭ ነበሩ። እኔ የት እንደነበርኩ እርስዎ ያውቃሉ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ለእርስዎ በጻፍኩ ቁጥር የብዕሬ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለስ ነበር። የፋብሪካውን በር ቁልፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለቤቱ «ከውስጥ የማይከፈት» ብሎ አዘዘኝ፣ ሠራሁለት። ጥሩ ሥራ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አይከፍተውም ነበር ብለው ሸለሙኝ፤ እውነታቸውን ነው፤ የት ቦታ እንደሚሸነፍ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቢሆንም አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። መጥፎ ሠራተኛ ብሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይከፈት ነበር። ታላቋ ልጅዎ በዚያ በአራቱ ደቂቃ ውስጥ ናት።

የቤታችን በር ቁልፎች ዘጠኝ ናቸው። እጄ ሁለት ጊዜ ጣላቸው። ፍንጭት ከመሬት አንሥታ አቀበለችኝ።

ስከፍት እንደ ወጡበት ቅደም ተከተል ተሰልፈዋል። ሰላሳ ናቸው። በሃያ ስምንተኛዋና በሠላሳኛዋ መካከል የአንድ ሰው ክፍተት ትተዋል። አበባ አልያዙም። ልጅዎ ፍንጭትን ይዛ በአጠገቤ አልፋ ወጣች፤ ደረጃውን ወረደች፤ እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ሄዳ ቆመች። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰላሳ አንደኛዋ ብቻ እያነከሰች መጥታ ፊቴን አየችና፣ «ተመስገን፣ ዛሬስ ቶሎ ከፈትህ» አለችኝ። ቀልድ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ሲሄዱ ፍንጭት ዞር አለች። «አባዬ፣ አንተስ አትወጣም?» አለችኝ።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ቁልፎቹን በጥቅል ልኬልዎታለሁ። ሌላ ግልባጭ አልሠራሁም። ልምጣ ወይ? አንድ ቃል ይጻፉልኝ።

አማችዎ


የካቲት 9 ቀን

ለልጄ ባል፣

አትምጣ።

የጠየቅኸኝ አንድ ቃል ነበርና አስቀደምሁት። ልጄ ስትጠራህ ትመጣለህ። ካልጠራችህ አትመጣም። እኔን እያባበልህ እንዳትጠይቀኝ፤ ከእንግዲህ ስለ ልጄ የምወስነው ነገር የለም።

ጥር 23 ቀን ደርሰዋል። ሰላሳ አንደኛዋ ይዛቸው መጣች፤ ሁለት ቀን አድራ ተመለሰች። ልጄ ከስታለች። አንጓዋ ወለምታ አልነበረም። አልዘረዝረውም፤ አንተ ታውቀዋለህ። እዚህ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ ጀምራለች። በየማታው ቁራጭ ታመጣልኛለች፤ አንድ ቤት እየኖርን በእጇ ትሰጠኛለች፤ እለጥፈዋለሁ።

ስለ ታላቋ ልጄ የጻፍኸውን ከአንድ ጊዜ በላይ አላነበብሁትም። ይቅር ብዬሃለሁ ብል ሦስተኛ ውሸት ይሆንብኛል። ምናልባት አንድ ቀን። ዛሬ አልችልም። ሰላሳ አንድ ሰው ያወጣህ መሆንህን ግን አልሰርዝብህም፤ የተደረገ ነገር አይሰረዝም፤ ያኛውም ይኸኛውም።

ያንተን ጥፋት ስቆጥር የራሴን ብተው አድሏዊ መምህር እሆናለሁ። ስለ ዩኒፎርሙ የጻፍሁልህ ደብዳቤ በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ነው። ልጄ አንዲት ቀዳዳ ነበረቻት፤ እኔ ልክ መሆኔን ላሳይህ ስል ደፈንሁባት። የተሳሳተ ሰው አይቼ ሳላርም ማለፍ አልችልም፤ ለዚህ ስል ልጄን ጨለማ ውስጥ ትቼአት ነበር። መቀሱን ቆለፍሁት ያልኸውን ያነበብሁ ዕለት ነው ለሰላሳ አንደኛዋ የጻፍሁት።

ሌላም አለ። በቀብሩ ዕለት ያልሁህን መልሼ መዝኜዋለሁ። «ከዓይንህ አታርቃት» ሰው ለሰው የሚናገረው ቃል አይደለም፤ ለዕቃ ጠባቂ የሚነገር ነው። ይህን ቃል ያቀበልሁህ እኔ ነኝ።

ልጄ ሥራ የጀመረች ጠዋት ልትወጣ ተዘጋጅታ በሩ ጋ ስትደርስ፣ «ቁልፉ ጠፍቶብኛል፣ ትንሽ ጠብቂ» አልኋት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። በጣቴ ይዤዋለሁ። ለምን እንዳልሁ አላውቅም፤ ብርድ ነው፣ መንገዱን አታውቂውም ልል ነበር። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አልጮኸችም፣ አልተከራከረችም፤ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ያንን ፊት ነው እንግዲህ አንተ በየቀኑ ታይ የነበርኸው፣ «ጥሩ ሰላም ነው ቤታችን» ያልህለት። ቁልፉን አውጥቼ ሰጠኋት። ሳልፈራ አይደለም። ፈርቼ ሰጠኋት።

ዘጠኙ ቁልፎች ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ጥሩ ሥራ ናቸው፤ አንዱም ጠርዝ አይቧጥጥም።

ፍንጭት ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ከትምህርት ቤት ትመጣለች። ለምና ለምና ነው እናቷ የፈቀደችላት። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ በሬ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው፤ ትናንት ሄጄ ቆጥሬዋለሁ። የሚለቀቁት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ስድስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ይህን የምጽፍልህ ወንበሬን በሩ አጠገብ አድርጌ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከመንገዱ የሌሎች ልጆች ድምፅ ይሰማኛል፤ የርስዋን ለይቼ አልሰማሁም።

ተነሥቼ እስከ መንገዱ ማዕዘን ብሄድ አያታለሁ። ማዕዘኑ ጋ ከሄድሁ ነገ እስከ ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ፤ ከነገ ወዲያ እቤት ትቅር እላለሁ። መንገዱን አንተ አሳይተኸኛል።

ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት።

ፊደሎቼ ተጣመውብሃል፤ ይቅርታ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ አሁን አልዋሸሁህም። ግን አልተነሣሁም።

አማትህ